በንጎንግ ተራራ ግርጌ ያለው ቤትና ሲኒማው

በዘመናችን ያለፈውን ታሪክ ለሕዝብ በማሳወቅ ረገድ ሲኒማ ከመጽሐፍ የበለጠ ሥልጣን እንዳለው ማናችንም መምህራን የምናውቀው ነገር ነው። አንድ የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ የሚጨርስ ሰው ቢገኝ፣ በዚያው ታሪክ ላይ የተሠራውን ፊልም ያዩ መቶ ሰዎች ይገኛሉ። ከዚህም የተነሣ የድሮ ቤቶች፣ ግቢዎችና የአትክልት ቦታዎች ለፊልም ማንሻ የሚፈለጉ ሆነዋል። ባለቤቶቹም ጥቅሙን ስለሚያውቁ ይፈቅዳሉ፤ ጣሪያው ይጠገናል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ ፊልሙ ከታየም በኋላ ጎብኚ ይጎርፋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቤቱ በፊልም ከታወቀ በኋላ የሚነገርለት ታሪክ የራሱ ነው ወይስ የፊልሙ? ለዚህ ጥያቄ በናይሮቢ ከተማ ዳርቻ፣ በንጎንግ ተራራ ግርጌ ካለው ከካረን ብሊክሰን ቤት የተሻለ ምሳሌ በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኝ አይመስለኝም። የቤቱ ነገር ብዙ ሰው ከሚያስበው የተወሳሰበ ስለ ሆነ ከመሠረቱ ጀምሬ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱን በ1912 ያሠራው ኦኬ ሾግረን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ግንቡ የድንጋይ፣ ክዳኑ ቀይ ሸክላ ሲሆን ፎቅ የሌለውና በስፋቱ የተዘረጋ ቤት ነው፤ በረንዳውም ከፀሐይ የሚከልል ጥላ አለው። ከበስተ ኋላው ያለው የአትክልት ቦታ ሰፊ ሣር ነው፤ ከሣሩ ወዲያ ዛፎች፣ ከዛፎቹም በላይ የንጎንግ ተራራ ይታያል። ናይሮቢ ራሷ በዚያን ጊዜ ገና ልጅ ከተማ ነበረች። በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ከተቆረቆረች አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ሆኗት ነበር።

ካረን ብሊክሰን የዴንማርክ ተወላጅ ናት። በጥር ወር 1914 ሞምባሳ ወደብ ደርሳ እዚያው ብሮር ብሊክሰን ከተባለው ስዊድናዊ ባላባት ጋር ተጋባች። ባልና ሚስቱ በመጀመሪያ የገቡት አሁን በስሟ በሚጠራው ቤት ሳይሆን በዚያው አካባቢ ምባጋቲ በሚባል አነስተኛ ቤት ነው። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ኋላ ስለ ፊልሙ ስንናገር ያስፈልገናልና። ምቦጋኒ ወደሚባለው፣ ሾግረን ወዳሠራው ቤት የገቡት በ1917 ነው። ከቤቱ ጋር የነበረው መሬት ቤተ መዘክሩ እንደሚለው 4,500 ኤከር ነው፤ እርሷ በመጽሐፏ 6,000 ብላለች። ጋሻን በ40 ሄክታር ብንቆጥር የመጀመሪያው 45 ጋሻ፣ ሁለተኛው 60 ጋሻ ያህል ይሆናል። ከዚህም ውስጥ ቡና የተተከለበት 600 ኤከር፣ ማለትም 6 ጋሻ ግድም ነበር።

የቀረው መሬት ባዶ አልነበረም። የኪኩዩ ሰዎች ቤታቸውን ሠርተው፣ በቆሎአቸውን ዘርተው፣ ከብታቸውን እያሰማሩ ይኖሩበት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ግን መሬቱን የንጉሡ ነው ብሎ በ1915 ባወጣው ሕግ ለነጭ ሠፋሪዎች እስከ 999 ዓመት በሚደርስ ኪራይ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ እነዚህ ሰዎች በአባቶቻቸው ምድር ላይ ጭሰኞች ሆኑ። በመሬቱ ላይ ለመኖራቸውም በዓመት 180 ቀን ለባለ ርስቱ መሥራት ግዴታቸው ነበር። ጭሰኝነት ምን እንደ ሆነ ከአባቶቹ አፍ ለሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ማብራራት አያሻም። ልዩነቱ የእኛው ጭሰኛ ጌታውን በቋንቋው የሚናገረው መሆኑ ነው፤ ያም ቢሆን በሁሉም ክፍለ ሀገር እንዲያ አልነበረም።

ቡናው አልሆነም። ብዙ ጸሐፊዎች ምክንያቱን የቦታው ከፍታ ያደርጉታል፤ ምድሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ6,000 ጫማ ያልፋል። ይርጋ ጨፌን የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ብቻ አይረካም፤ እዚያ ከዚህ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያማረ ቡና ይለቀማልና። እውነተኛው ምክንያት ብዙ ነገር ተደራርቦ ነው፤ አፈሩ ኮምጣጣ ነበር፣ ዝናቡ ያጥር ነበር፣ ከተራራው የሚወርደው ነፋስም ብርቱ ነበር። በ1923 የቡናው ማዘጋጃ ፋብሪካ ተቃጠለ። ባሏን በ1921 ከእርሻው ሥራ አስወጥተውት ስለ ነበር አስተዳደሩ በእርሷ ላይ ወደቀ፤ በ1925ም ተፋቱ። በመጨረሻም የዓለም የቡና ዋጋ ሲወድቅ ገንዘብ ያወጡት የዴንማርክ ዘመዶቿ እርሻውን ሸጡት። በግንቦት 1931 ወዳጇ ዴኒስ ፊንች ሃተን በአውሮፕላን አደጋ ቮይ ላይ ሞተና በንጎንግ ተራራ ተቀበረ፤ እርሷም በዚያው ዓመት አገሯ ገባች። ከመሄዷ በፊት ጭሰኞቿ እንዳይበተኑ ከአንዱ ሹም ወደ አንዱ እየሄደች ለምና፣ በዳጎሬቲ ደን ክልል በአንድነት የሚሰፍሩበት መሬት አስፈቅዳላቸዋለች። ይህ ሥራዋ ሊነገርላት የሚገባ ነው። «አውት ኦፍ አፍሪካ» የተባለው፣ ትርጓሜው «ከአፍሪካ» እንደ ማለት የሆነው መጽሐፏ በ1937 ታተመ።

ከዚህ በኋላ ያለው የቤቱ ታሪክ ጎብኚዎች የማይጠይቁት ነው። እርሻውን የገዛው ረሚ ማርቲን የተባለ ሰው መሬቱን በ20 ኤከር እየሸነሸነ ሸጠው፤ ዛሬ ካረን የሚባለው የባለጸጎች ሰፈር የተወለደው ከዚህ ነው። (የሰፈሩ ስም ከእርሷ ነው ወይስ የእርሻው ኩባንያ ሊቀ መንበር ከነበረው ከአጎቷ ልጅ ከሌላዋ ካረን የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቆረጠም።) ቤቱን በ1935 ሎይድ የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሌተና ኮሎኔል ገዝቶ በ1954 እስኪሞት ድረስ ኖረበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው፤ ካረን ብሊክሰን በዚያው ቤት ከኖረችው ይበልጣል። ከእርሱም በኋላ ለልጆቹ፣ ቀጥሎም ለሌሎች ሰዎች ተላለፈ። ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1964 የዴንማርክ መንግሥት ቤቱን ገዝቶ የነጻነት ስጦታ አድርጎ ለኬንያ መንግሥት ሰጠ። የኬንያ መንግሥትም በግቢው የሥነ ምግብ ኮሌጅ አቋቋመበት፤ አሮጌው ቤትም የኮሌጁ ርእሰ መምህር መኖሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም እፈልጋለሁ። ጭሰኛው በበረንዳው ግርጌ ቆሞ ይጠብቅበት የነበረ ቤት፣ ነጻነት በተገኘ በዓመቱ፣ አገሪቱ ልጆቿን ምን ብትመግብ እንደሚሻል ለምታስተምርበት ቤት ኃላፊ ማደሪያ ሆነ። ከዚህ የበለጠ የነጻነትን ትርጉም የሚያሳይ ነገር በዚያ ግቢ የተደረገ አይመስለኝም። ይህ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ታሪክ ጸሐፊ ሊጽፈው፣ ቤተ መዘክርም ሊያሳየው የሚገባ ዘመን ነበር።

በ1985 የሲኒማ ሠሪዎች መጡ። ዩኒቨርሳል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገንዘቡን አወጣ፤ አዘጋጁ ሲድኒ ፖላክ ነበረ፤ ካረንን ሆና የተጫወተችው ሜሪል ስትሪፕ፣ ፊንች ሃተንን የሆነው ሮበርት ሬድፎርድ፣ ብሮርን የሆነው ክላውስ ማሪያ ብራንዳወር ነበሩ። ጎብኚው ሁሉ «ፊልሙ የተነሣበት ቤት ይህ ነው» እያለ ቢመጣም፣ ካሜራው የገባው ምቦጋኒ አይደለም። እርሷ ከ1914 ጀምሮ የተቀመጠችበት ምባጋቲ የተባለው የመጀመሪያ ቤት ተስተካክሎ፣ ዕቃ ተሞልቶ፣ የአትክልት ቦታውም ተዘጋጅቶ፣ በፊልሙ ውስጥ የሁለተኛው ቤት ምትክ ሆኖ ቆመ። እንግዲህ አንዱ እውነተኛ ቤት የሌላውን እውነተኛ ቤት ልብስ ለበሰ ማለት ነው።

ከተማውም እንዲሁ ነበር። የ1985 ናይሮቢ የመኪናና የረጅም ፎቆች ከተማ ስለ ነበረች፣ የ1910ዎቹ ናይሮቢ ሱቅዋና መንገዷ እንደ ገና በልክ ተሠራ። በአገረ ገዥው መኖሪያ ሆነ የተባለው ትዕይንት የተነሣው በናይሮቢ ትምህርት ቤት ነው፤ የትምህርት ቤቱ የአስተዳደር ሕንጻ የቅኝ ገዢዎችን ቤት ይመስላልና። ይህ ትምህርት ቤት በቅኝ ግዛት ዘመን «ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ» እየተባለ የነጭ ልጆች ብቻ ይማሩበት የነበረ ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ ለኬንያ ልጆች ሁሉ ተከፍቶ ነበር። ለፊልሙ ሲባል ለጥቂት ቀናት ወደ ገዢዎቹ ቤትነት ተመለሰ። ዴንማርክ ተብሎ የሚታየው ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ በሰሪ አውራጃ የተነሣ ነው። አንበሶቹም ሳይቀሩ የተገሩ ሆነው ከካሊፎርኒያ መጡ። አንበሳ በሞላበት አገር አንበሳ ከባሕር ማዶ ማምጣት የሚያስቅ ቢመስልም፣ የዱር አንበሳ «አሁን ተነሥ፣ አሁን ተኛ» ቢሉት አይሰማምና የሠሪዎቹን ጭንቀት መረዳት ይቻላል።

ፊልሙ የተሠራው በብልሃት ነው። ከ11 ዕጩነት ሰባቱን የኦስካር ሽልማት፣ ከዚያም ውስጥ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ሽልማት፣ በመጋቢት 1986 ተቀብሏል። ቤቱንና ዕቃውን ያሰናዱት እስቲቨን ግራይምስና ጆሲ ማካቪን ስለዚሁ ሥራቸው ከተሸለሙት መካከል ናቸው። የጆን ባሪን ሙዚቃ የሰማ ሰው የንጎንግን ተራራ ሌላ ዜማ አስገብቶ ሊያየው አይችልም። እኔም ወቀሳዬ በኪነ ጥበቡ ላይ አይደለም።

ወቀሳ ካለ ዘመንን በማጣጠፉ ላይ ነው። በፊልሙ ካረን ፊንች ሃተንን የምታየው ገና አገሩን ስትረግጥ በባቡር ላይ ነው፤ በእውነቱ ግን የተዋወቁት በ1918 ነው። በፊልሙ ሠርጉ ናይሮቢ ይደረጋል፤ በእውነቱ ሞምባሳ ነበር። በፊልሙ ፋብሪካው ተቃጥሎ ወዲያው እርሻው ይሸጣል፤ በእውነቱ በእሳቱና በሽያጩ መካከል ስምንት ዓመት አለ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። እሳት ድንገተኛ ነው፤ ማንንም አያስወቅስም፤ ተመልካቹም ለባለቤቲቱ ያዝንላታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ የሞተ እርሻ ግን ጥያቄ ያስነሣል፤ ይህ መሬት ለቡና ይስማማል ብሎ የወሰነው ማን ነው? በበቆሎና በከብት ይኖርበት የነበረውስ ሕዝብ ስለ አፈሩ ተጠይቆ ነበርን?

ፊልሙ በሚሠራበት በዚያው ዓመት የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መዘክሮች መሥሪያ ቤት ምቦጋኒን ቤተ መዘክር ለማድረግ ፈለገ፤ ከኮሌጁ ጋር ስምምነት ተደረገና ቤቱ ታድሶ በ1986 ለሕዝብ ተከፈተ። ስለዚህ ፊልሙ ምቦጋኒን ባያነሣውም አድኖታል ማለት ይቻላል። ሐሳቡ ያለ ፊልሙ ይመጣ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ፤ መጽሐፉ ከታተመ 48 ዓመት አልፎ ነበርና።

ዕቃው እንዴት እንደ ተሰበሰበ ደግሞ ለእኛ አገር አንባቢ የሚጣፍጥ ነገር አለበት። ካረን ብሊክሰን ስትሄድ ብዙውን የቤት ዕቃዋን ለሌዲ ማክሚላን ሸጣለች። ይህች ሴት የሰር ዊልያም ኖርትረፕ ማክሚላን ባልቴት ስትሆን፣ በባሏ መታሰቢያ በናይሮቢ ያሠራችው ቤተ መጻሕፍት በዚያው በ1931 ተከፍቷል። ማክሚላን ማን ነው ቢባል፣ በ1903 ዓባይን በጀልባ ወርጄ ሱዳን እገባለሁ ብሎ ኢትዮጵያ የመጣው ባለጸጋ አሜሪካዊ ነው። ጀልባዎቹ ጥቂት እንኳ ሳይጓዙ በዓባይ ዐለት ላይ ተሰባብረው ቀሩ። ዓባይ ያልተቀበለው ሰው ኬንያ ሰፊ መሬት አገኘ፤ ከልዩ ልዩ እጅ ዞሮ የተመለሰው የካረን ብሊክሰን ዕቃም በዚህ ቤተ ሰብ በኩል ያለፈ ነው። ዛሬ በቤቱ ውስጥ ከዚህ ከእውነተኛው ዕቃ ጋር ለፊልሙ ከተዘጋጀው የተሰጠም አብሮ ይገኛል። አስጎብኚው «ይህ የእርሷ ነው፣ ይህ የፊልሙ ነው» ብሎ ይለያል፤ በቁም ሣጥኑና በመደርደሪያው ፊት የቆመ ጎብኚ ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያል።

አሁን ቤቱ የሚያሳየው ከ1917 እስከ 1931 ያለውን ዘመን ነው። አሥራ አራት ዓመት። ከመቶ ዓመት በላይ ከቆመ ቤት ዕድሜ ይህ ትንሽ ክፍል ነው። የሎይድ ዘመን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል፤ የርእሰ መምህሩ መኖሪያነትም እንዲሁ። ቤቱን ወደ ጥንቱ ለመመለስ ከኋላ የተጨመረውን ማንሣት ግድ ነው ይባል ይሆናል። እኔ ግን ገነተ ልዑልን አስባለሁ። አዲስ አበባ ያለው ይህ ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር፤ በጠላት ወረራ ዘመን የኢጣልያ እንደራሴ ተቀመጠበት፤ በታኅሣሥ 1960 በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መኳንንቱ የተገደሉት በዚያ ነው፤ በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ገባበት። ዛሬ የሚጎበኘው ሰው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ያያል፤ ከደጅ ደግሞ ፋሽስቶች በሥልጣን የቆዩባቸውን ዓመታት ለማክበር የሠሩትን ደረጃ፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይም ከድል በኋላ የተቀመጠውን የይሁዳ አንበሳ ያያል። ደረጃው አልፈረሰም። አንዱ ዘመን ሌላውን ሳያጠፋው ተደራርቦ ቆሟል፤ ማንም መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶ በአንድ ግቢ የብዙ ዘመን ታሪክ ሊያስተምር ይችላል። ገነተ ልዑል እንዲህ የሆነው ጠባቂዎቹ ከናይሮቢዎቹ ስለ በለጡ ነው አልልም፤ ምናልባት እንዴት መምሰል እንዳለበት ቀድሞ የነገረን ፊልም ስላልነበረ ይሆናል።

የኬንያ ልጆችም ዝም አላሉም። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የካረን ብሊክሰንን መጽሐፍ፣ አፍሪካውያንን ከእንስሳት ጋር እያመሳሰለ የሚያፈቅር መጽሐፍ ነው ብሎ አጥብቆ ነቅፎታል። ጠንከር ያለ ፍርድ ነው። እርሷ ከብዙዎቹ የዘመኗ ሠፋሪዎች ይልቅ ለጭሰኞቿ አሳቢ እንደ ነበረች ከላይ ተናግሬአለሁ፤ ነገር ግን ፍቅሯ ባለቤትነቷን አልነካውም። ፊልሙ ይህን ለማለት ጥቂት ይሞክራል፤ ፊንች ሃተን «የእኔ ኪኩዩዎች» የሚለውን አነጋገሯን ይነቅፍባታል። ካሜራው ግን ወዲያው ተራራውን ስለሚያሳየን እንረሳዋለን።

በማስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ይህን ፊልም ለእጩ መምህራን ማሳየት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። በመጀመሪያ ፊልሙን እንዲሁ ያዩታል። በሁለተኛው ቀን የቤቱን ዘመናት በሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ቤቱ ራሱ ምስክር ሆኖ ቢቀርብ የሚጠይቁትን እንዲጽፉ አዛቸዋለሁ። ብዙዎቹ ስለ ፍቅሩ ይጠይቃሉ፤ ወጣቶች ናቸውና አልቆጣም። አንዳንዶቹ የርእሰ መምህሩ ልጆች በዚያ ሣር ላይ ይጫወቱ እንደ ነበር ይጠይቃሉ።

ባለፈው ዓመት ከገጠር የመጣ አንድ እጩ መምህር የጻፈው ግን በማኅደሬ ውስጥ አለ። ካረን ብሊክሰን በእርሻዋ ላይ ለሠራተኞቿ የማታ ትምህርት ቤት እንደ ከፈተች፣ መምህራኑንም ከሚሲዮኖች ታመጣ እንደ ነበረ በመጽሐፏ ጽፋለች። በፊልሙም ስለ ትምህርት ቤቱ ከባላባቱ ጋር ስትከራከር ትታያለች። ቀን ቡና ሲለቅሙና ሲኮተኩቱ የዋሉ ሰዎች፣ ልጆችም ሽማግሌዎችም፣ ማታ ፊደል ለመቁጠር ይሰበሰቡ ነበር። እጩ መምህሩ በወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቋል፤ የማታው ትምህርት ቤት ከግቢው በየት በኩል ነበር? የአስተማሪውስ ስም ማን ነበር?